ሞተሩን አታጥፋው

ወገኔ እባላለሁ። ቆሰበር ላይ በሁለት ነገር ነው የምታወቀው፤ ድሮ በፈረሴ፣ አሁን በኩላሊቴ። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመዋል። ማክሰኞና ቅዳሜ ባሕር ዳር ሄጄ ደሜን በማሽን ካላሳጠብኩ እግሬ ያብጣል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ሐኪሙ ራሱ የነገረኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው።

«ለምን ባሕር ዳር ቤት አትከራይም?» የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ ተዉኝ እባካችሁ! ሚስቴ ሸጋ እዚህ አስተማሪ ናት፤ የምንኖረው በእሷ ደሞዝ ነው፤ ደሞዙ ደግሞ እዚህም ቢሆን ወር አያደርስም። ፈረሴን ገና እንደታመምኩ ሸጬዋለሁ። ከእንግዲህ የሚሸጥ የቀረኝ ምላሴ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚገዛ የለም።

እኔን የሚገድለኝ መንገዱ ነው። ጠዋት ሰዓት እላፊው ሳይነሳ መውጣት የለም፤ ማታ ሳይጨልም መግባት ግድ ነው። መሀሉ ላይ ኬላ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ሰልፍ አለ። ማሽኑ ደግሞ አንዴ ካስተኛህ ቶሎ አይለቅህም። አርፍደህ ከደረስክ አልጋህ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ታገኛለህ፤ እሱም እንዳንተው ሊሞት የደረሰ ነውና ተነስ አትለው። በሚኒባስ እየሄድኩ ስንቴ እንዲህ ሆኜ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ክንዴና መካኒኩ መርዋን መከሩ፤ ኬላውን ማሳጠር ባንችል መንገዱን እናሳጥረዋለን አሉ።

ክንዴ የሸጋ ታናሽ ወንድም ነው። ሰማያዊ መኪና አለችው፤ ጃፓኖች ለፍጥነት የሠሯት፣ ዝቅ ያለች፣ ኮፈኗ ላይ የአየር መሳቢያ አፍንጫ ያላት፣ ማርሚታዋ ሲያጓራ ሰፈር የሚቀሰቅስ። የገዛት ለሰርግ አጀብ ነበር። ከዳንግላ እስከ ጥርባ እሷ ያላጀበችው ሙሽራ የለም። ግን አርጅታለች። ተርቦዋ ደክሞ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። «እኔና እሷን አንድ በሽታ ነው የያዘን» እያልኩ እቀልድ ነበር፤ ሸጋ በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም።

ተርቦ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ በሞተሩ ጭስ የሚሽከረከር ማራገቢያ ነው። ይሽከረከርና አየሩን በግድ ሞተሩን ይግተዋል። የኛ ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ሳይግቱት ሞተር ጉልበት አያወጣም።

መርዋን ባለ ጋራዥ ነው፤ አብሮ አደጌ። አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንገቱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ቆየና «ይሄ አልቆለታል። ትልቅ እንገጥምላታለን» አለ።

«ትልቅ ስትል?»

«ወላሂ ወገኔ፣ ፈረስህን የምታስረሳህ ትሆናለች።»

«አፍህን ዝጋ! ፈረሴን የሚያስረሳኝ የለም» አልኩት። እውነቴን ነው የተቆጣሁት። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ልቤ ተስፋ አድርጋ ነበር፣ ሞኝ ልብ።

ተርቦው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤ በአሮጌ ጃኬት ተጠቅልሎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ። ጋራዡ በር ላይ የሞተ ሚኒባስ ወንበር አለ፤ እኔ እሱ ላይ ብርድ ልብሴን ለብሼ ተቀምጬ ሥራውን ሁሉ አየሁ። አዲሱ ከአሮጌው በጣም ይተልቃል። መርዋን የጭስ መውጫውን ቧንቧ ቆረጠ፣ በየደ፣ ሞረደ፣ እንደገና ቆረጠ። የነዳጅ ፓምፑንም በትልቅ ቀየረው፤ ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል አለ። ይቺን ቃል ያኔ ሁላችንም ሰምተናት ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልናት።

«አሮጌውን አስቀምጠው፣ ምናልባት» አልኩት።

«ምን ሊሠራልህ? ቧንቧውን ለአዲሱ ብዬ ቆርጬዋለሁ። አሮጌው ከእንግዲህ አይገጥምም።»

ገጥሞ ሲጨርስ እጁን በጋዝ እየታጠበ ክንዴን ጠራው። «ስማኝ፣ ይሄ ነገር እሳት ነው። ዳገት ላይ ስትጎትታት ይግላል፣ ፍም ይመስላል። የሚያበርደው በመሀሉ የሚዞረው ዘይት ነው። ዘይቱ የሚዞረው ደግሞ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ነው። ጎትተሃት ወዲያው እንዳታጠፋት! ቆመህም ቢሆን ትንሽ ይሥራ፣ ይተንፍስ።»

«ይቺንማ ለኔ ተዋት» አልኩ። «በጥር የፈረሰኞች በዓል ጋልቤ ስመለስ ፈረሴን ላቡ ሳይደርቅ አስሬው አላውቅም። እየሳብኩት እዞር ነበር። አስሮት የሄደ ሰው ፈረሱን ጠዋት ቆሞ አያገኘውም።»

«ገባህ ክንዴ? ጋሼህን ስማው» አለ መርዋን።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ክንዴ። እሱ ቁልፉን ነበር የሚያየው።

መጀመሪያ የወጣን ማክሰኞ፣ ምን ልበላችሁ! መኪናዋ ክንዴ ነዳጁን ሲረግጣት መጀመሪያ ዝም ትላለች። ጆሮ እንደማይሰማ ሰው ትቆያለች፤ ከዚያ ከሆዷ ፉጨት ይነሳና ጀርባህን ወንበሩ ላይ ትለጥፍሃለች። ሸጋ ኋላ ተቀምጣ «በስመአብ! ክንዴ፣ ቀስ በል!» ትላለች። እኔ እስቃለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ! አዲስ ቅዳምን አለፍን፣ ዳንግላን አለፍን፣ ኬላው ላይ ከሰልፉ ፊት ተገኘን። ባሕር ዳር ስደርስ ነርሷ ሲስተር ኢብቲሳም ገና ማሽኑን እያዘጋጀች ነበር።

«ጋሽ ወገኔ፣ ዛሬ እዚሁ ነው እንዴ ያደሩት?» አለችኝ።

«በርሬ መጣሁ» አልኳት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ደሜ ታጥቦ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆሰበር ገባሁ። ሸጋ ሌሊቱን ሙሉ እግሬን በእጇ እየዳሰሰች እብጠቱ መውረዱን ታይ ነበር። መዳን አይደለም፤ መቆየት ነው። ግን መቆየትም ትልቅ ነገር ነው።

ቅዳሜም እንዲሁ ደረስን። ተከታዩ ሳምንት ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ ነዳጅ ጠፋ። ማደያው ደረቀ። ክንዴ ከሰው ጓዳ በሃይላንድ ፕላስቲክ እየለመነ፣ እየገዛ ያጠራቅማል። ያቺ መኪና ደግሞ በአዲሱ ተርቦ ከድሮው እጥፍ ትጠጣለች። ለመሄጃ የሚበቃው ለመመለሻ አይበቃም። ባሕር ዳርም ቤንዚን ብሎ ነገር የለም።

እኛ አገር ሹፌር ነዳጅ ሲያጥረው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ዳገቱን በጉልበት ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ማርሹን ዜሮ ያደርግና ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን ዝም ብሎ ይንሸራተታል። አባቶቹም፣ አስተማሪዎቹም እንዲህ ነው የነዱት። ከቆሰበር ወደ ዳንግላ ስትወርድ መንገዱ ቁልቁል ይበዛዋል፤ ኢሱዙው፣ ሚኒባሱ ሁሉ ሲንሸራተት ታያለህ። ክንዴም የመጀመሪያው ዳገት ጫፍ ላይ፣ ተርቦው እያፏጨ እያለ፣ ቁልፉን ቀጭ አደረገው።

ዝም አለ ሁሉ ነገር። የሚሰማው ነፋሱና ጎማው ብቻ ነበር።

«ሞተሩን አታጥፋው!» ጮህኩ። «ምን ቆርጦህ ነው? መርዋን ምን አለህ?»

«ጋሼ፣ ነዳጁ አይመልሰንም።»

«ተርቦው ይቃጠላል!»

«አውቃለሁ። ነዳጁ ግን አይመልሰንም።»

የነዳጁን መለኪያ መርፌ አየሁት። ልጁ እውነቱን ነው። ሳያጠፋ ቢነዳ ባሕር ዳር ያደርሰኛል፤ ከዚያ ስንመለስ ነዳጁ አልቆ ሰዓት እላፊው መንገድ ላይ ያገኘናል። ቢያጠፋ ተርቦው ይቃጠላል። ሸጋ ከኋላ «ምንድነው? ምን ሆናችሁ?» አለች። «ምንም» አልኳት። ምን ልበላት? አፌን ዘጋሁና ቁልቁለቱን አብሬ ተንሸራተትኩ።

ለመርዋን አንነግረውም፣ ተስማማን። በየዳገቱ ጫፍ ቁልፉ ቀጭ ሲል እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ፈረሴን በላቡ አስሬው የሄድኩ ይመስለኝ ነበር። ክንዴ ቀድሞ ሙሽራ ሲያጅብ ጥሩንባ አይበቃውም ነበር፤ አሁን ከንፈሩን ነክሶ ይነዳል፣ አንጀቴን ይበላኛል።

የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ዳንግላን አልፈን አንድ ጉብታ ስንወጣ ፉጨቱ ተለወጠ። መጀመሪያ ቀጠነ፤ ከዚያ ብረት ብረትን እንደሚፍቅ ጮኸ። አንድ ነገር ከኮፈኑ ስር ቋ አለ። ወደኋላ ሳይ መንገዱ በሰማያዊ ጭስ ተሸፍኗል፤ የዘይቱ መብራት ቀልቷል። ክንዴ ዳር አውጥቶ አቆማት። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። 

«ጋሼ…» አለ።

«አንተ ምን አጠፋህ?» አልኩት። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ግን እሱን መቆጣት አልቻልኩም።

ሲስተር ኢብቲሳም ጋ ብደውል ኔትወርክ የለም። ካለፈው መኪና አብዛኛው ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አልነበረም፤ የሚሄደውም ሞልቶ ነው። ፀሐይዋ ዞረች። ማሽኔ ላይ ያን ሰዓት ማን እንደተኛ እያሰብኩ ነበር። በስተመጨረሻ አንድ የኢሱዙ ሹፌር አዝኖልን በገመድ ጎትቶ ቆሰበር መለሰን።

ሰኞ ከሰዓት እግሬ ጫማ አልገባ ብሎ በነጠላ ጫማ ጋራዡ ሄድኩ። ያው ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መርዋን ተርቦውን ፈትቶ በትሪ ላይ ዘርግቶታል። ክንዴን ሲያየው ነደደ።

«ምን ብዬህ ነበር? ምን ብዬህ ነበር አንተ!»

«በምን ነዳጅ?» ጮኸ ክንዴ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ያንተ ተርቦ ይጠጣዋል! ሳላጠፋ ብነዳ አደርሰው ነበር፤ ማን ይመልሰው? አንተ ትሸከመው ነበር?»

ለመርዋን ነዳጁን እንዲህ እንደምትጨርሰው የነገረው ሰው አልነበረም። ፊቱ አመድ መሰለ። ቁጭ አለና ተርቦውን አነሳ። ማራገቢያውን በአውራ ጣቱ ገፋው፤ አልዞረም። በካቻቢቴ ከመሀሉ ጥቁር ቅርፊት ፍቆ መዳፉ ላይ አሳየኝ።

«ዘይት ነበር ይሄ» አለ። «ዘይት እስከዞረ ድረስ ደህና ነው። ሲቆም ግን፣ የሚያዞረው የሚያጠራው አጥቶ ሲቆም…»

አለና እግሬን አየ። 

«ጨርሰው እንጂ» አልኩት።

«ተወኝ ወገኔ።»

«ጨርሰው አልኩህ! የሚያጠራው አጥቶ ሲቆምስ?»

«ይከስላል» አለ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ በዘይት እጁ ሲጠርገው ፊቱ ጠቆረ። «ሌላ አመጣለሁ፣ ወላሂ ሌላ አመጣለሁ» ይላል። ሌላው ከየት ይመጣል? ቢመጣስ ምን ይጠጣል? ሚኒባሶቹ እንኳ ነዳጅ አጥተው መናኸሪያ ቆመዋል። አሮጌው ተርቦ ከጋራዡ ጥግ ወድቋል፣ የሚገጥምበት ቧንቧ የለም። መመለሻውን ራሳችን ነን የቆረጥነው።

ሸጋ ከትምህርት ቤት ወጥታ መጣች። እንደ ሁልጊዜው ለባሕር ዳር የምንይዘውን ብርድ ልብስ በቦርሳ ይዛለች፤ የማሽኑ ክፍል ይቀዘቅዛል። ትሪውን አየችው፣ የመርዋንን ፊት አየችው።

«መኪናዋ ደረሰች?» አለች።

«ለነገ ትደርሳለች» አለ መርዋን መሬት እያየ።

«እሺ» አለች። ሚስቴ ሞኝ አይደለችም። የመኪናዋን የኋላ በር ከፍታ ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ ዘረጋችና እጄን ያዘችኝ። ተነስቼ ገባሁ። ከጎኔ ተቀመጠች። ክንዴ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ቆሞ ቆየና መጥቶ መሪው ፊት ተቀመጠ፣ እንደ ልማዱ። ጋራዡ ውስጥ ጭጋግ እየገባ ነበር።

ዝምታው ከበደኝ። ያው የቁልቁለቱ ዝምታ ነው።

«ክንዴ» አልኩት።

«አቤት ጋሼ።»

«ሞተሩን አታጥፋው።»

ለቀልድ ነበር ያልኩት። ክንዴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሸጋ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳበችልኝና ያበጠ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ነገ ማክሰኞ ነው» አለች።

«አዎ» አልኳት።