በግራ በኩል ያለው ወንበር

ፀጉር አስተካካዩ አባቷ የፊቱን ግማሽ ተላጭቶ ሌላውን ሳይነካ ትቶ፣ "አለቀ፣ መስታወቱን ውሰጂልኝ" ሲላት ልጅቷ የሚቀልድባት መስሏት ሳቀች። አባቷ ቀልድ ያውቃል፤ ስንቱን ደንበኛ በሳቅ እያፈረሰ ነው ሲያስተካክል የኖረው። አሁን ግን አልሳቀም። የቀኝ ጉንጩ ልስልስ ብሎ፣ የግራው ነጭ ፂሙን እንዳንጨባረረ፣ ትክ ብሎ አያት።

"ምን ያስቅሻል?"

ሳቋ እዚያው ቀረ።

ሰውዬው በሰፈሩ "ሚዛን" በሚል ቅጽል ስም ነው የሚታወቀው። ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነ ፀጉር ካየ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። የማያውቀውን መንገደኛ አስቁሞ "ወንድሜ፣ ማን ነው እንዲህ የተጫወተብህ?" ሲል ልጅቷ ስንት ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተመኝታለች። ደንበኛ ከመሸኘቱ በፊት ደግሞ መዳፉን ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው፣ በማጅራት ዞሮ ያሳልፋል። "ዓይኔን አላምነውም፤ የሚፈርደው መዳፌ ነው" ይላል።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን፣ በሆስፒታሉ የማገገሚያ ክፍል ተኝቶ፣ ግራ የሚባል ነገር ከዓለሙ ጠፍቶበታል። ከሳህኑ ላይ የቀኙን ብቻ ይበላና "ይቺን ብቻ ነው እንዴ የሰጡኝ?" ብሎ ያኮርፋል። ሳህኑን ስታዞርለት ደግሞ "ተጨመረልኝ!" ብሎ ደስ ይለዋል።

ልጅቷ ሞባይል ጠጋኝ ናት። የተበላሸ ነገር ስታይ ከማዘኗ በፊት ከፍታ ውስጡን ማየት ነው የሚያምራት። ዓይኑ ደህና ነው ተብሏል። ታዲያ የጠፋው ምኑ ነው? በግራው በኩል የሚታየው ጨለማ ነው ወይስ ጭራሽ ምንም የለም?

"አባዬ፣ በዚህ በኩል ምን ይታይሃል?" አለችው አንድ ቀን፣ ወደ ግራው እየጠቆመች።

"በየት በኩል?" አለ አባቷ፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ።

መልሱ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዋ አልወጣም። እስኪገባት ድረስ ለመጠበቅ ግን አንጀቷ አልቻለም። ውሃውን፣ ሬዲዮውን፣ የነርስ መጥሪያውን፣ የራሷን ወንበር ጭምር ወደ ቀኙ አዛወረች። በማግስቱ ስትመጣ ሁሉም ወደ ግራ ተመልሶ ጠበቃት። እንደገና አዛወረች፤ እንደገና ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች ግድ የላቸውም ብላ ጥርሷን ነከሰች። በመጨረሻ አካሉን የምታለማምደውን ፊዚዮቴራፒስት የውሃውን ብርጭቆ ወደ ግራ ስትወስድ እጅ ከፍንጅ ያዘቻት። ይቺ ሴት አጭርና ድምፀ ትልቅ ስለሆነች በሽተኞቹ "ኮሎኔሏ" ይሏታል።

"ሆን ብለሽ ነው?"

"አዎ፣ ሆን ብዬ ነው! ለካ አንቺ ነሽ ሥራዬን የምታፈርሺብኝ?" አለች ኮሎኔሏ። "ዓይኑ ያያል፤ አንጎሉ ነው ግራውን የተወው። የሚፈልገው ነገር ሁሉ በቀኙ ከተደረደረለት ለምን ብሎ ይዞራል? በሚቀጥለው ሳምንት ዶክተሩ ያየዋል። ግራውን መፈለግ ካልጀመረ ቤቱ አይገባም፣ ቋሚ እንክብካቤ ወዳለበት ተቋም ነው የሚላከው። አንቺ ሥራ ውለሽ እሱ ብቻውን ሆኖ ምድጃው በግራው ቢነድ አያውቅም።"

ልጅቷ አፈረች። አባቷ በየቀኑ "ቤቴ መቼ ነው የምሄደው?" ይላል። እንዳይሄድ ስታደርገው የቆየችው እሷው ናት።

ያን ዕለት ወንበሯን ወደ ግራው ወሰደች። ይኼ ከሁሉም የከበዳት ነገር ነበር፤ እዚያ ስትቀመጥ ለአባቷ የለችም። "አባዬ" ብላ ስትጠራው ድምፅዋን ይሰማና ወደ ቀኙ ዞሮ ይፈልጋታል። ነርሷን ደግሞ "ልጄ ዛሬም ቀረች?" ይላታል። ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ እንባዋን ትውጣለች፤ እንባዋን እየዋጠችም ነገሩ ይገርማታል።

"ወደ ግራው የሚጎትተው ነገር እንፈልግለት። ሳያስተካክለው ማለፍ የማይችለው ነገር ምንድነው?" ብላ ጠየቀቻት ኮሎኔሏ።

ልጅቷ ሳይታወቃት እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ በቀር ማንም አስተካክሏት አያውቅም። እሱ ከታመመ ወዲህ ደግሞ ፀጉሯ አድጎ ተንጨባሯል።

በማግስቱ የፀጉር ማሽኑን ከሱቁ አመጣችለትና ጀርባዋን ሰጥታው ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ማሽኑን ሲጨብጥ ፊቱ በራ።

"ምንድነው ይኼ ጫካ? አስተካካይ ጠፋ እንዴ?"

"አንተን እየጠበቅኩ።"

ማሽኑ በቀኝ በኩል እያጉረመረመ ወጣ ወረደ፤ መሃል አናቷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አለቀ። ተነሺ።"

የራሷ አንድ ጎን በረዳት፣ ሌላው እንደሞቀው ነው። ከጎን ቆማ የምታየው ኮሎኔሏ በዓይኗ ዝም በይ አለቻት፤ እሷ ግን አልቻለችም።

"አባዬ፣ መዳፍህስ?"

"እህ!" አለ፣ በሥራው የተወቀሰ ያህል። መዳፉን ከቀኝ ጆሮዋ ጀምሮ በማጅራቷ አሳለፈ። መሃል ላይ ሲደርስ ዘገየ። ከዚያ እጁ የለመደውን መንገድ ራሱ ቀጠለና ወደ ግራ አልፎ ጫካው ውስጥ ገባ።

"ይኼ ምንድነው? የትኛው ጀማሪ ነው ልጄን እንዲህ አድርጎ የላካት?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ" አለች ኮሎኔሏ፣ ለስለስ ብላ።

መዳፉን ሳያነሳ አንገቱን ቀስ እያለ ወደ ግራ አዞረ። አየ።

"እኔ? እኔ ሚዛን?"

ሊቀጥል ፈለገ፤ ክንዱ ግን ዝሎ ነበር። ልጅቷም በግማሽ ፀጉር ሱቋን ከፍታ ዋለች። ለጠየቃት ደንበኛ ሁሉ "ገና አላለቀም" አለች።

ዶክተሩ ሊያየው የመጣ ዕለት አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሷ በግራው ናት፣ እንዳትናገር ተነግሯታል። ዶክተሩ በቀኙ ቆሞ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ ጠየቀው። ከዚያ፣

"ለመሆኑ ልጅዎ ዛሬ መጥታለች?"

አባቷ በቀኙ ያለውን ባዶ ቦታ አየ። "አልመ..." ብሎ ጀመረና ዝም አለ። ቀኝ እጁ ከጭኑ ተነሳ፣ የራሱን የግራ ክንድ እንደማያውቀው ዕቃ እየዳበሰ አለፈ፣ ትከሻዋን አገኘ፣ ጆሮዋን፣ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉር። ፊቱ እጁን ተከትሎ ዞረ።

"መጥታለች እንጂ! ይቺውና!" አለ። ከዚያ ዶክተሩን ረስቶ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለሽው?"

"እዚሁ ነበርኩ፣ አባዬ" አለች።

አባቷ ፀጉሯን በጣቶቹ መዘን እያደረገ ወደ ዶክተሩ ዞረ። "ይኼን አይተው እንዳይፈርዱብኝ፣ ዶክተር። ቤቴ ስገባ እጨርሰዋለሁ።"

ዶክተሩ ልጅቷን ከግራም ከቀኝም አያት።

"እንግዲያው ቶሎ ይግቡ" አለ።