የጠጠር ላይ ወፎች

«የዕፀገነት ካሜራ የኤምባሲው ነው አሉ፤ እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው ያለው» ትላለች እትዬ ውባንቺ። ስቶክዌል አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አለችው፤ ኪልበርን ሥጋ ቤት ሰልፍ ላይ ደገመችው፤ በስልክ ደግሞ ኤድመንተን አደረሰችው። «ሰው» የተባለው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት የለንደን ስደተኛ የገዛ ጥላውን እንኳ «ማን ላከህ?» ሳይል አያልፍም ነበር።

ዕፀገነት ወሬው ሲደርሳት ሳቀች። ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ የምትውል ልጅ ለደርግ ምን ትሰልላለች? የትራስ ልብስ?

እሷ እሁድ እሁድ በማለዳ ባቡር ተሳፍራ ቴምስ ከባሕር የሚገናኝበት ዳርቻ ትወርዳለች። ጠጠሩ ላይ በደረቷ ተኝታ አንዲት ነጭ ወፍ ትጠብቃለች፤ ጥቁር ቆብ የደፋች፣ መንቁሯ ቢጫ፣ ከእርግብ የምታንስ። እንቁላሏን የምትጥለው ያለ ጎጆ፣ እዚያው ጠጠር መሐል ነው፤ ያላወቀ ረግጦት ያልፋል። ዕፀገነት ይህን ያወቀችው ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰችው መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት ጎኗ አድርጋ ነው። አስተማሪ አልነበራትም፤ ቢኖራትም ትከራከረው ነበር።

ረዥሙን ሌንስ የገዛችው ወፏን ላለማስበርገግ ነው። ኪልበርን ፎቶ ቤት ያላቸው አይሪሽ ሽማግሌ «አንድ ፊልም አምጪልኝ፤ ከእንቁላል እስከ በረራ። አንድ ብቻ! እጅሽን ልየው። ካማረ ፊልም በማጥብበት ጨለማ ክፍሌ ውስጥ ሥራ አለሽ» ብለዋታል። አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ነው። ስምንት እሁድ፣ በየእሁዱ አራት አምስት እያነሳች ቆጠበችው።

በስምንተኛው እሁድ ጫጩቱ በረረ። ሠላሳ አምስተኛው ፎቶ እሱ ነው። አንድ ቀራት።

ከዚያው በቀጥታ ኪልበርን ሄደች። ሐምሌ ገብርኤል የሥራ ቀን ስለዋለ ወደ እሁድ ተዛውሮ በኪራይ አዳራሽ ይከበር ነበር። ካሜራውን ከጃኬቶቹ ጋር አስቀምጣ ወጥ ልታወጣ ኩሽና ገባች።

ስትመለስ ከበዓልተኞቹ አንዱ፣ ጋሼ ተስፋጋብር፣ የካሜራውን ጀርባ ከፍተው፣ መስኮቱ ሥር ቆመው፣ ፊልሙን ብርሃን እንዲያቃጥለው እንደ በግ አንጀት ይጎትቱታል።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ደርግን ተቃውሜ ሰልፍ ወጥቻለሁ። እህቴ አስመራ ናት። የእኔ ፊት እዚያ ከደረሰ የሚወስዱት እሷን ነው።»

«ወፍ ነው እኮ! ወፍ!»

«ወፍ ለማንሳት ክንድ የሚያህል ሌንስ?» አለች እትዬ ውባንቺ ከኋላ። «ስንቱ ወፍ ባለበት አገር አድገን፣ ማን ፎቶ አንስቶት ያውቃል?»

ዕፀገነት እሳት ለበሰች። «አጥበው ቢያዩት ምን ነበረበት? እናንተ እሁድ እሁድ ሰው ስታሙ፣ እኔ ስምንት እሁድ ጠጠር ላይ ተኝቻለሁ! ደርግ እንኳ ሳይመረምር አያቃጥልም!»

ጋሼ ተስፋጋብር ፊልሙን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «አንቺ እህት የለሽም መሰለኝ» አሏት። ባዶውን ካሜራ መንጭቃ ወጣች።

በሳምንቱ አዲስ ፊልም ይዛ ዳርቻው ወረደች። ጠጠሩ ባዶ ነበር። ወፎቹ ልጆቻቸውን አስከትለው ሄደዋል፤ እስከ መጪው ግንቦት አይመለሱም። የፎቶ ቤቱ ሽማግሌ አዘኑላት፤ አዝነው ሲያበቁ ቦታውን ለሌላ ሰጡ። እሷም ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ተስፋጋብርን ሩቅ ስታያቸው መንገድ ትሻገራለች፤ የእግዜር ሰላምታም ነፈገቻቸው።

በጥቅምት እትዬ ውባንቺ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የዕፀገነትን በር አንኳኳች።

«ተነሽ፣ ለቅሶ እንድረስ። የተስፋጋብር እህት…»

«አልሄድም።»

«ተይ እንጂ! ሞታ እኮ ነው፤ እስር ቤት።»

ዕፀገነት በሩን አልለቀቀችም። እልኋ አልበረደም፤ ይልቅስ የተበደለችው እሷ ሆና፣ ሄዳ አጽናኝም እሷ መሆኗ አንገበገባት። «በእኔ ፎቶ ነው ሊሉ ነዋ!»

«ኧረ ማንም አላለ» አለች እትዬ ውባንቺ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ደብዳቤው በሱዳን ዞሮ ነው የደረሰው፤ ስንት ወር መንገድ ላይ ከርሞ። የወሰዷት በመጋቢት ነው፤ እዚያው በመጋቢት ሞተች።»

ዕፀገነት ካሜራውን የገዛችው በሰኔ ነበር።