አባባ የመረጧት መኪና

ባትላሜራው እሁድ ጠዋት ጋራዡን የሚከፍተው ለሥራ አልነበረም። በሌላው ቀን የሰው መኪና ሲያቃናና ስቱኮ ሲፍቅ ይውላል፤ እሁድ ግን የራሱን ያወጣል። ሁለት በር ያላት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ በዕድሜ የምትበልጠው የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ሲያገኛት ዶሮ የሚያድርባት፣ ወለሏን ዝገት የበላው ቅሪት ነበረች። ቆርቆሮዋን ቀጥቅጦ፣ ዕቃዋን ከየአሮጌ ብረት ተራው ለቅሞ ነፍስ ዘራባት። ሞተሯ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል። የሰፈሩ መኪና ወዳዶች ድምፅዋን ሲሰሙ ይሰበሰቡና ኮፈኑን ከበው ይከራከራሉ። እሱ ደግሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል።

ይህ ሁሉ የታናሽ እህቱ ባል ስቴሽን ዋገን እስኪገዛ ድረስ ነው።

የእህቱ ባል ፋርማሲስት ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያውቅ ሰው። ኋላዋ የተዘረጋ ግራጫ መኪና እየነዳ ወደ ጋራዡ ግቢ ሲገባ ባትላሜራው ከሩቅ አይቶ ሳቀ።

«ምነው፣ ማን ሞተ? ይቺ እኮ የአስከሬን መኪና ናት።»

ሰዉ ሳቀ። ግን ፒስተን የሚሉት ታክሲ ነጂ፣ ያለሱ ክርክር የማይደምቀው፣ ኮፈኗን አስከፍቶ ጎንበስ አለና ዝም አለ። ፒስተን ዝም ካለ ነገር አለ ማለት ነው።

«ሞተሯ ቱርቦ አለው» አለ በመጨረሻ። «ፍሬኗን እዩት፣ ትሪ ያክላል። ያንተዋ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ንግሥት ናት፣ አልክድም። ኩርባ ላይ ግን እንደ ጀልባ ነው የምትዋልለው። ይቺ ፍሪጅ ጭና፣ ልጆች ጭና፣ አማት ጭና ጥላህ ትሄዳለች።»

«መኪና እንደ ዕቃ ቤት በስፋቱ አይመረጥም» አለ ባትላሜራው። «የኔን ድምፅ ስማ፣ ከዚያ የሱን ስማ። የሱ የልብስ ስፌት መኪና ነው።»

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለ ፋርማሲስቱ። «እንደ እርስዎ መኪና አታምርም። ለልጆቹ ብዬ ነው።»

ባትላሜራውን ያንገበገበው ይሄ ትሕትና ነው። ቢፎክርበት ኖሮ መልስ አያጣም ነበር።

በሚቀጥሉት እሁዶች ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ግራጫዋ ዞረ። ባትላሜራው ያለ ምክንያት ሞተሩን አስነስቶ ያስጓራል፤ ሰዉ ቀና ይልና ተመልሶ እዚያችው ላይ ይጎነበሳል። ቤቱ ሲገባ ምግብ አልወርድ ይለዋል። ሚስቱ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ጨጓራዬን ነው» አላት።

«ጨጓራ አይደለም» አለችው ሳህኑን እያነሳች። «የሰው ቆርቆሮ ታቀናለህ፣ አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ ትቀናለህ።»

አንጀቱን የቆረጠው ግን የአባቱ ነገር ነው። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የሰው የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የልጃቸውን መኪና አንድ ቀን ተሳፍረው አያውቁም፤ «ጉልበቴ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አያስገባኝም» ይላሉ። ቤተሰቡ ወደ ግድቡ ለሽርሽር በተነሳ ቀን ልጃቸው በሩን ከፍቶ ቆሞ ሲጠብቃቸው፣ ከዘራቸውን እየመረኮዙ አለፉትና የግራጫዋ ጋቢና ውስጥ ተመቻቹ።

«መቀመጫ ማለት ይሄ ነው» ሲሉ ሰማ። ሚስቱም ሳትቀር ልጆቹን ልያዝ ብላ ወደዚያው ገባች።

ብቻውን ነዳ። ሜዳው ላይ ጡሩምባውን እየነፋ አለፋቸው፤ ለአፍታም ልቡ ሞቀ። ዳገቱና ኩርባው ሲጀምር ግን ግራጫዋ ምንም ሳትቸኩል መጥታ መስታወቱን ሞላችው። አባባ ከፋርማሲስቱ ጎን ሆነው ሲስቁ ያየ መሰለው። መንገድ አልለቅም ብሎ ነዳጅ ረገጠ። ኩርባው ላይ ፍሬኑ አልታዘዝ አለው፤ ኋላዋ ተንሸራተተና ፊቷ ከመንገዱ ዳር የድንጋይ አጥር ጋር ተላተመ። ፓራፋንጎው ተጨማደደ፣ ራዲያተሩ ተበሳ። እሱ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ፋርማሲስቱ ሮጦ ደረሰ። ደህና መሆኑን ሲያይ ከዚያ ከተሳቀበት ሰፊ ኋላ ገመድ አወጣና ወደ ጋራዡ ጎትቶ ሊመልሳት ሁለቱን መኪናዎች አሰረ። ባትላሜራው ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ መሪውን ይዞ ሲቀመጥ መሬት ብትውጠው በወደደ ነበር። ያኔ የጎኑ በር ተከፈተ። አባባ እያቃሰቱ ገቡ።

«ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴስ ምክንያት ነው» አሉ። ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «በጎልማሳነቴ ጭነት ጭኜ ዳገት ስገፋ እንዲህ ያለች መኪና አልፋኝ ሄደች። ድምፅዋ ከጆሮዬ አልወጣም። አንድ ቀን ሳልነዳት አልሞትም አልኩ። የሰው መኪና ስነዳ ዘመኔ አለቀ፣ አንተ ከዝገት አወጣሃት። ደስ ይለኛል ስል ቀናሁ። በልጁ የሚቀና አባት አይተህ ታውቃለህ?»

ቁልቁለቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ባትላሜራው ጡሩምባ ነፍቶ ፋርማሲስቱን አስቆመና ከመሪው ወረደ። አባትና ልጅ ቦታ ተለዋወጡ። አባባ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ገመዱ እንዳይረግብ ፍሬኑን ቀስ አድርገው እየያዙ፣ እስከ ጋራዡ ድረስ ነዷት።

ጋራዡ በር ላይ ፒስተንና ጓደኞቹ ቆመው ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ፋርማሲስቱ ማንም ሳይጠይቀው። «ከኋላቸው ተጠግቼ አዋከብኳቸው።»

ባትላሜራው ዝም ሊል ቃጥቶት ነበር። «ውሸቱን ነው» አለ በግድ። «እኔው ነኝ በፍጥነት የገባሁት።»

ፋርማሲስቱ ገመዱን እየጠቀለለ ፈገግ አለ። ባትላሜራው በመኪናዋ መቅናቱን ትቶ አሁን በሰውየው ደግነት መቅናት ጀመረ።

በማግስቱ ፓራፋንጎውን ፈታ። አባባ በጠዋት መጡ፣ በርጩማ ስበው አጠገቡ ተቀመጡና «ምን ትጎተታለህ፣ ፍጠን እንጂ» አሉት።