ሊቅ ካልሆነችስ?

አሪፋን ሰባት ዓመት ሙሉ አንጀቷን ሲያሳርራት የኖረው አንድ ወረቀት ነው። ያኔ ልጇ ሂያም ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አፏን አልፈታችም፣ ጩኸት ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ትንከባለላለች። አሪፋ እጇን ይዛ አዋሽ ከተማ ካሉት ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ወሰደቻት። ርዕሰ መምህሩ ተገኘ ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አየና አንድ ወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ፣ «እንኪ፣ ሂጂ» አላት።

ማንበብ አትችልም። ማኅተም ያለበት ወረቀት መቼም መመዝገቢያ ነው ብላ፣ ደስ ብሏት ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ ላሚኔት አስደረገችው። ፉል ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የሚበላው ሰው ሁሉ እያየ ዝም አለ። በመጨረሻ ካሣ የሚባል የጅቡቲ መስመር ሹፌር የጎረሰውን ሳይውጥ፣

«አሪፋዬ፣ ይሄን ምን ብለሽ ነው የሰቀልሽው?» አላት።

«የልጄ መመዝገቢያ ነዋ!»

«ኧረ አይደለም። ‹ይህች ልጅ ለትምህርት አትሆንም› ነው የሚለው።»

አትሆንም መባሉስ ይሁን። ውርደቷን በገዛ እጇ በላስቲክ አሽጋ መስቀሏ ነው ያነደዳት።

ሂያም አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ንግግሯ ዛሬም ጥቂት ነው። ግን አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ፣ የጭነት መኪናው ገና ሳይታይ በድምፁ ብቻ ለይታ «ካሣ»፣ «ዓቢይ» እያለች የሹፌሩን ስም ትጠራለች። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ዓቢይ፣ ይህንን በስልኩ ቀርጾ «የአዋሿ አንስታይን» ብሎ ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ ተገኘ ደወለ። አሁን ሰመራ አንድ ቢሮ ውስጥ ኃላፊ ሆኗል።

«ወይዘሮ አሪፋ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ትልልቆቹ ሳይንቲስቶች እኮ እንደ ሂያም ነበሩ። ስለ ኦቲዝም ስብሰባ አለን፤ ይዘዋት ይምጡና ተሰጥኦዋን ታሳየን።»

ያኔ «አንቺ» ያላት ሰውዬ ዛሬ «እርስዎ» አላት። እሱም አናደዳት።

«ትምህርት ቤት ትገባለች?» አለችው።

«እሱን እዚህ እንነጋገራለን።»

ለዚች ቃል ስትል የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ ሰግዳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሂያም ከገዋኔ እስከ ሎግያ ጆሮዋን እንደያዘች ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጣች ፍሬሰላም የምትባል ዶክተር ስለ ኒውተንና ስለ አንስታይን ተናገረች። «ኦቲዝም ሳይኖርባቸው አይቀርም የሚሉ አሉ። ግን በሕይወት እያሉ የመረመራቸው የለም፤ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አለች። ተገኘ ይህችን የመጨረሻዋን የሰማ አይመስልም። ማይኩን ተቀብሎ «የኛም አንስታይን መጥታለች!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሂያም ጠረጴዛ ሥር ገባች። ተገኘ ጎንበስ አለና፣

«ሂያም፣ ሦስት መቶ አርባ ሰባት ሲባዛ በሃያ ዘጠኝ?» አላት።

«ማባዛት ማን አስተማራት?» አለች አሪፋ።

ሰው ሳቀ።

«በተፈጥሮ ነዋ፣ ወይዘሮ አሪፋ። ሊቆች እኮ...»

«ማይኩን አምጣው።»

«ፕሮግራም አለን...»

«አምጣው አልኩህ!»

ወሰደችውና ወደ ዶክተሯ ዞረች። «እህቴ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ሁሉ ሊቅ ናቸው?»

«አይደሉም። አብዛኞቹ ሊቅ አይደሉም።»

«ሊቅ ያልሆነችው ትምህርት ቤት አትገባም?»

«ትገባለች እንጂ። መብቷ ነው።»

«ሰማህ ተገኘ? ልጄ የመኪና ድምፅ ታውቃለች። ማባዛት አታውቅም። ሽንት ቤት ብቻዋን መሄድ የጀመረችው አምና ነው፤ ያን ቀን ደስታዬን ቀርጾ የለቀቀልኝ የለም! ትንሽ ሳለች ጂኒ ለክፏታል ብላችሁ አባረራችኋት፣ ዛሬ ደግሞ ሊቅ ናት ብላችሁ መጫወቻ ልታደርጓት ነው? ወላሂ፣ ያ አንስታይን ያላችሁት ሰውዬ እናቱ እጁን ይዛ አንተ ቢሮ ብታመጣው፣ አትሆንም ብለህ ነበር የምትመልሰው!»

ተገኘ ላቡን ጠረገ።

«አሁን ትገባለች ወይስ አትገባም?»

«ዕድሜዋ አልፏል... ኮሚቴ ይየው።»

አሪፋ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ልጇን ከሥር አወጣች። ኮሚቴውን አልጠበቀችም። ሰኞ ጠዋት ፉል ቤቷን ዘግታ ሂያምን አዋሽ ወደዚያው ትምህርት ቤት ወሰደቻት፤ አንደኛ ክፍል ገብታ የኋላው ዴስክ ላይ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ወላጅ ክፍል አይገባም» አለች መምህርቷ ሙሉሐረግ።

«እንግዲያው ተማሪ ነኝ። እኔም አልተማርኩም።»

ሕፃናቱ ሳቁ። ዘበኛ ተጠራ። አሪፋ ዴስኩን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ዘበኛው የሰው ሚስት እንዴት ልንካ ብሎ ወጣ። ማክሰኞም መጣች፣ ረቡዕም። ሂያም ስትጮህ ይዛት ትወጣለች፤ ስትረጋ ተመልሳ ትገባለች።

በዘጠነኛው ቀን ሙሉሐረግ ስም ስትጠራ መጨረሻ ላይ በእስክሪብቶ የጨመረችው ስም ነበር።

«ሂያም ታጁ።»

ሂያም መስኮት መስኮቱን ታያለች።

«አለች!» አለች አሪፋ፣ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ እስኪያያት፣ ቁጣዋ ገና ሳይበርድ።