ራሱን ያሳረፈበት

ሶፋ ማጽዳት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። የልጅ ሽንት በሉት፣ የእስክሪብቶ ቀለም በሉት፣ ያላወጣሁት ጉድ የለም። የሻማ ሰምማ ምኔ ነው? በበረዶ አድርቄ እፍቀዋለሁ፣ የቀረውን ደግሞ ወረቀት ደርቤበት በካውያ አስመጥጠዋለሁ፣ አለቀ። እንዲህ ብዬ ነው ደረቴን ነፍቼ የገባሁት።

ሴትየዋ ገና ከበሩ እጄን ይዘው አንድ የሳሎን ወንበር ጋ ወሰዱኝ። አረንጓዴ ከፈይ ነው። መደገፊያው ላይ፣ ሰው ራሱን በሚያሳርፍበት በኩል፣ የፀጉር ቅባት ያጠቆረው ክብ አለ። እዚያው ክብ ላይ የሻማ ሰም ፈሶ ደርቋል።

"ልጄ፣ ሰሙን ብቻ" አሉኝ። "ጥቁሩን እንዳትነኪብኝ። የባለቤቴ ራስ ያረፈበት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ተደግፎበታል። ካለፈ ወዲህ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ውሎዬን አወራዋለሁ። መብራት የጠፋ ዕለት ሻማ ይዤ ጎንበስ ስል በገዛ እጄ ደፋሁበት። አሁን ሰሙን እንጂ እሱን አላየውም።"

ሰው እድፍ አውጪልኝ ይለኛል እንጂ እድፍ ጠብቂልኝ ያለኝ የለም። ሆዴ ባባ። "አይዞዎት እማማ፣ እኔ አለሁ አይደል" አልኳቸው። ምን አስቸኮለኝ?

በረዶውን በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩበት። ሰሙ ድርቅ ሲል በደነዝ ቢላ ቀስ እያልኩ አነሳሁት። ከሥር ጥቁሩ ብቅ ሲል እማማ "ተመስገን" ብለው እንባ አቀረሩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ጨርቁ ውስጥ የገባ ስስ ነጭ ነገር ቀርቷል፤ እኔ ደግሞ ሥራ በእንጥልጥል አልወድም። ወረቀት ደረብኩ፣ ካውያውን አሳረፍኩ፣ አነሳሁ።

ወረቀቱ ሰሙን ጠጥቶታል። ግን ቡናማ ሆኖ ነው የወጣው። የፀጉር ቅባት ሲመጣብኝ በምንድነው የማወጣው? በዚሁ ካውያ፣ በዚሁ ወረቀት! ከእኔ በላይ ይህን ማን ያውቃል? አሁን ግን ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

የክቡ ግማሽ የለም። ወረቀቱን ገልብጬ እንደ እብድ መልሼ ተጫንኩት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

"ምን ሆነ ልጄ?" ብለው ቀረቡ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከሰሙ ጋር እሳቸውም…" ወረቀቱን አሳየኋቸው።

ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው አረንጓዴ ሆኖ የወጣውን ጎን በጣታቸው ዳበሱት።

"ያኔ ስንገዛው ልክ እንዲህ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ገና ሳይቀመጥበት።"

ካውያው እጄ ላይ እንደጋለ ነው። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።