ከአጥሩ ስር የሚፈሰው ውሃ

ሰፊያ የምትኖረው ሆሳዕና ውስጥ፣ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጀርባ ነው። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው ይባላል፤ የእሷ ቧንቧ ግን ጠብ ካለ ወራት አልፈዋል። የመሥሪያ ቤቱ ታንከር በአንጻሩ ከጣሪያው ላይ ሞልቶ ሲፈስ ይውላል። ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ ተሰብሮ የሚቀይረው ጠፍቷል። ውሃው በአጥሩ ስር እየሾለከ ጓሮዋን አጨቀየው፤ የጓዳዋ የጭቃ ግድግዳም ከስሩ መፍረስ ጀመረ።

የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊውን አቶ ተገኘን ልታነጋግር ሄደች።

«ውሃው ቤቴን ሊጥለው ነው፤ እባክዎ ኳሱን ያስቀይሩልኝ።»

«በጀት ሲለቀቅ እናያለን፣ ወይዘሮ ሰፊያ» አላት። ፈገግ ብሎም ጨመረበት፦ «ሰው ውሃ ፍለጋ ይንከራተታል፤ እርስዎ ደጅዎ ድረስ መጥቶልዎት ያማርራሉ?»

ንግግሩ አንገበገባት። ቤቷ ገብታ ስታስበው ግን ውሃው እንደሚጠቅም ታያት፤ ቁራጭ ቆርቆሮ አነሳችና ከአጥሩ ስር ደግፋ ጀሪካን ደቀነችበት። አራስ የነበረችው ጎረቤቷ ሮዳስ መጣች፤ ሌሎችም ተከተሉ። እያፈሉ ይጠጡት ጀመር።

አንድ ቀን ከክልል የመጡ እንግዶች መሥሪያ ቤቱን ሲጎበኙ፣ አጥሩ ጥግ የተሰለፉትን ሴቶች አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ተገኘ ወሬ ቀይሮ ወደ ቢሮው መራቸው። በሳምንቱ ሠራተኞች መጡ። ሰፊያ ደስ ብሏት የገብስ ቆሎ ይዛላቸው ወጣች። እነሱ ግን ታንከሩ ጋ አልደረሱም፤ የሚፈሰውን ውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብተው፣ ቱቦውን ቀብረው፣ ወደ አስፋልቱ ቦይ መሩት።

«ኳሱስ?» አለች።

«የታዘዝነው ይህን ነው እናቴ» አላት አንደኛው፤ ቆሎዋን እየቆረጠመ።

አቶ ተገኘ ብቅ አለና፣ «ይኸው፣ ቤትዎን አተረፍንልዎት» አላት። እሷው ናት የለመነችው።

ሮዳስ ልጇን አዝላ፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ስትመጣ ቆርቆሮው ደርቋል።

«አመልክተሽ ነበር አሉ» አለቻት።

«ኳሱን ቀይሩ ነው ያልኩት። ቤቴ እኮ እየፈረሰ ነበር፣ ሮዲ።»

«ለቤትሽ ብለሽ አስዘጋሽብን።»

ሰፊያ ነገሩን ልታስረዳት ከኋላዋ ተከተለቻት፤ ሮዳስ አልዞረችም። በማግስቱ ሴቶቹ ተጠራርተው ውሃ ሊቀዱ ወደ ሌሞ ምንጭ ሲወርዱ የሰፊያን በር ያንኳኳ አልነበረም።