የታላቅ ወንድም ቅባት

ታናሽየው ዛሬ ከፍቅረኛው አባት ፊት ሊቀርብ ነው። ፀጉሩ ግን እንደ ወትሮው ተለጥፎ የራስ ቆዳውን ያሳያል። ፀጉረ ከርዳዳው ታላቅ ወንድሙ ድሮ በሰው ፊት፣ "ይሄ ቅባት ላንተ ፀጉር አይሆንም፤ መጀመሪያ ፀጉር ይኑርህ" ብሎ አስቆበት ነበር። እሱም ሰስቶ ነው ብሎ፣ ቂሙን እንደያዘ፣ ዓመታት ሙሉ ከወንድሙ የቅባት ቆርቆሮ እየሰረቀ ሲለቀለቅ ኖረ።

ፀጉር ቤት ገብቶ ሲቀመጥ አስተካካዩ ፀጉሩን ዳሰስ አደረገውና፣ "ወንድሜ፣ ራስህ ላይ ሽንኩርት ልትጠብስ ነው?" አለው።

"የታላቄ ቅባት ነው።"

"የሱ ከርዳዳ ከሆነ ይጠጣዋል። ያንተ ስስ ነው፤ ቅባት ይጫነዋል። ላንተ የሚሆነው ይሄ የፀጉር ፓውደር ነው፤ የሱን ግን ያደርቅበታል።"

አጥቦ አደረቀለትና ከሥሩ ትንሽ ነሰነሰበት። በጣቶቹ አሸት አሸት ሲያደርገው ፀጉሩ ብድግ አለ። ታናሽየው መስታወቱን ማመን አቅቶት ከወንበሩ አብሮ ተነሳ። ለካ ያ ስድብ እውነት ኖሯል!

ቤት ሲገባ ታላቁ አፍጥጦ ቀረ። "አንተ፣ ምን ተቀብተህ ነው? እስቲ ወዲህ በለው።"

ታናሽየው ከፀጉር ቤቱ የገዛትን የፓውደር ብልቃጥ ኪሱ ከተተ። "ላንተ ፀጉር አይሆንም፣ ወንድም ጋሼ" አለና ደረጃውን እየዘለለ ወደ ወደፊት አማቱ ቤት ከነፈ።